ለአገር የተቆረጠ እግር፣ በአገር አፈር ያበጠ እግር

ሁለት ወንድማማቾችን እናስብ። የገደብ ልጆች ናቸው፤ ጌዴኦ ዞን፣ ከይርጋ ጨፌ አልፎ፣ የጉጂ ድንበር አጠገብ። ሁለቱም ያደጉት በባዶ እግራቸው ነው። ታላቁ ወታደር ሆነ፤ ግንባር ላይ ፈንጂ ረገጠና ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ታናሹ ቤት ቀረ፤ የአባቱን እንሰትና ቡና እየተንከባከበ ኖረ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው እግሩን ያሳክከው፣ ያቃጥለው ጀመር። ቀስ በቀስ እግሩ አበጠ፣ ቆዳው ሻከረ፣ በጣቶቹ መሃል ቆሰለ። በየጊዜው ትኩሳት እየተነሳበት ለቀናት ያስተኛዋል። አሁን ሁለቱም አርባዎቹን ጨርሰዋል፤ ሁለቱም ገበያ ለመውረድ የሰው ትከሻ ይፈልጋሉ። ታላቁ በየወሩ ጡረታ ይቀበላል። ታናሹ የሚቀበለው ነገር የለም።

ሰዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ እግሮቹን ግን አልፈጠርኳቸውም። እዚያ አካባቢ ላደገ እንደኔ ላለ ሰው ሁለቱም ዓይነት እግር እንግዳ አይደለም። ጥያቄዬ አጭር ነች፤ በወንድማማቾቹ መካከል ያለው ልዩነት ፍትሐዊ ነው?

አብዛኞቻችሁ የምትሉትን እገምታለሁ። "ፍትሐዊ ነዋ! ታላቁን እኮ አገር ነው የላከው። ታናሹን ማን ላከው?" ይሄ የሚናቅ መልስ አይደለም። ወታደር ሰውነቱን ለትእዛዝ ያስረከበ ሰው ነው። "ሂድ" ሲባል "እግሬን ባጣስ?" ብሎ መደራደር አይችልም። ይህን የመደራደር መብት የወሰደበት መንግሥት ዕዳ አለበት፤ ዕዳውን መክፈልም ግዴታው ነው። የምጽፈው ይህን ዕዳ ለመሸርሸር አይደለም። እኔን የከነከነኝ ዕዳው የቆመባት አንዲት ቃል ናት፤ "ምክንያት" የምትለዋ።

ከሁለት መዝገብ በአንዱ

ሕጋችን የሚያስበው ልክ እንደዚያ መልስ ነው። ወታደርና ፖሊስን ጭምር የሚያቅፈውን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003ን እንውሰድ (በኋላ በአዋጅ 1267/2014 ተተክቷል)። ከሥራ ያስወጣህ ጉዳት ከሁለት መዝገብ በአንዱ ይገባል። በሥራ ምክንያት የመጣና መሥራት እንዳትችል ያደረገህ ከሆነ "የጉዳት ጡረታ" አለ። ስንት ዓመት አገለገልክ አትባልም፤ ከደመወዝህ 47 በመቶው በየወሩ፣ ዕድሜ ልክህን ይከፈልሃል። ከሥራው ጋር ካልተያያዘ ደሞ "የጤና ጉድለት ጡረታ" ነው። ይሄኛው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል። 10 ዓመት ካልሞላህ ዳረጎት ይሰጥህና በዚያው ትሰናበታለህ።

እግሩ አንድ ነው፣ ሕመሙም አንድ ነው። ዕድሜ ልክ በሚከፈል ጡረታና በአንድ ጊዜ ዳረጎት መካከል የቆመው "ከምን መጣ?" የሚለው ጥያቄ ነው።

ለፈንጂው እግር ጥያቄው ቀላል ነው። ቀኑ ይታወቃል፣ ቦታው ይታወቃል፣ አብረውት የነበሩ ጓዶች አሉ፣ የሆስፒታል ወረቀት አለ። ስለዚህ ሦስተኛ ወንድም ልጨምር። ይሄኛው በ19 ዓመቱ ተቀጠረ፤ እስከዚያ ድረስ ቀዩን አፈር በባዶ እግሩ ሲረግጥ ነው የኖረው። ከዚያ ሰባት ዓመት ከስክስ አጥልቆ ተጓዘ፣ ውሃ በቋጠረ ምሽግ ውስጥ አደረ። በአምስተኛው ዓመት እግሩ ማበጥ ጀመረ፤ በሰባተኛው መጓዝ አቃተው። የሕክምና ቦርድ ፊት ቀረበ።

ሐኪሙ ሐቀኛ ከሆነ ምን ይላል? አፈሩ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ውስጥ ገብቷል። ምሽጉ አባብሶት ይሆናል። ሳይቀጠርም ቢቀር ያብጥ ይሆን ነበር። ከስክሱ እንዲያውም አዘግይቶለት ሊሆን ይችላል። "ከምን መጣ?" ለሚለው መልሱ "ከብዙ ነገር" ነው፤ ቅጹ ላይ ግን እንዲህ የሚባል ሳጥን የለም።

የሁሉ በሽታ፣ የማንም ዕዳ

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሕግ ላንሳ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚመለከተው በሥራ ውል የተቀጠረን ሠራተኛ እንጂ ወታደርን አይደለም። ግን አስተሳሰቡን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አዋጁ ለሠራተኛው ቸር ነው፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው ይላል። በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታም እንዲሁ። ከዚያ አንድ በር ይዘጋል፤ ሥራው በሚሠራበት አካባቢ የተለመደና በዚያው አካባቢ የሚይዝ በሽታ አይቆጠርም። ሥራህ ያንኑ በሽታ መከላከል ካልሆነ በቀር ማለት ነው።

ምክንያቱ ይገባኛል። ቆላ ላይ እርሻ ያለው ባለሀብት የአገሩን ወባ ሁሉ ይክፈል ሊባል አይችልም። ግን አንቀጹን ከድሃው በኩል ሆናችሁ አንብቡት። በሽታው አንተን ብቻ ከያዘህ የሚጠየቅ ሰው አለ። ሰፈርህን በሙሉ ከያዘ ማንም አይጠየቅም። ጉዳት እየሰፋ በሄደ ቁጥር ተጠያቂው እየቀነሰ ይሄዳል።

የታናሹ ወንድም በሽታ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። በተለምዶ ዝሆኔ እንለዋለን፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። በትንኝ ከሚተላለፈው ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ነው ምስጢሩን የፈታው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ የሊምፍ ቧንቧዎችን እያስቆጡ ይዘጓቸዋል፤ ከዚያ እግር ያብጣል። ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ፣ ዝናቡ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ፣ አፈሩ ቀይ የሆነ አገር ይስማማዋል። ለቡናም የሚስማማው እንዲህ ያለ አገር ነው።

በኢትዮጵያ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ተገምቷል። ወላይታ ላይ በ1990ዎቹ ማብቂያ የታተመ ጥናት በዚያ አንድ ዞን ብቻ በሽታው በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ አስልቷል፤ ታማሚዎች የሥራ ቀናቸውን ግማሽ የሚጠጋውን ያጣሉ። ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይቆምም። እርግማን ነው፣ መተት ነው፣ ከዘር ነው እየተባለ ከጋብቻ የሚገፋ አለ፤ ትምህርት ቤት የሚያቋርጥ ልጅ አለ።

"ከዘር ነው" የሚለው እንኳ ግማሹ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። በ2004 ዓ.ም. የታተመ፣ ወላይታ ላይ የተሠራ የዘረመል ጥናት አንዳንድ ሰዎች በውርስ ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ እንደሆኑ አሳይቷል። እና ምክንያቱ የቱ ነው? ዘሩ? አፈሩ? ባዶ እግሩ? ጫማ የማይገዛው ኪስ?

የት ላይ እናቁም?

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ሲስተም ሲወድቅ የመጀመሪያው ጥያቄ "ለምን?" ነው። ሰርቨሩ ሞላ። ለምን ሞላ? ፋይል የሚያጠፋው ፕሮግራም ቆሟል። ለምን ቆመ? የይለፍ ቃሉ ተቀይሯል። ለምን አልተነገረም? እንዲህ እያልክ ብትሄድ መጨረሻ የለውም፤ ኩባንያው ለምን እንደተመሠረተ ድረስ ትደርሳለህ። አንድ ቦታ ላይ ታቆማለህ። የምታቆመው እውነቱ እዚያ ስላለቀ አይደለም፤ ማስተካከል የምትችለው ነገር ላይ ስለደረስክ ነው።

ካሳ ስንቆርጥም እንዲሁ ነው የምናደርገው። የፈንጂውን እግር ምክንያት ስንፈልግ የቀበረው ሰው ወይም የላከው መንግሥት ላይ እናቆማለን፤ ጣት የሚቀሰርበት አካል ስላገኘን። ያበጠውን እግር ስንጠይቅ አፈር ላይ እናቆማለን። አፈር ደሞ አይከሰስም። ግን አንድ እርምጃ እንለፍ፤ አፈሩ ለምን እግሩን ነካው? ጫማ ስላልነበረ። ጫማ ለምን አልነበረም? እዚህ ላይ ሲደርስ ጥያቄው የተፈጥሮ መሆኑ ያበቃል።

ይህ በሽታ ድሮ በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድም ነበር። ሰው ሁሉ ጫማ ማድረግ ሲጀምር ጠፋ። አፈራቸው አልተቀየረም፣ ዘራቸውም አልተቀየረም። የኛ ሕክምናም ውድ አይደለም፤ እግርን በሳሙናና በውሃ በየቀኑ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ምሥራቅ ጎጃም ላይ የተካሄደና በ2010 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ ሙከራ ይህ ቀላል እንክብካቤ አልጋ ላይ የሚጥለውን የትኩሳት ግርሻ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ማወቅ ኃላፊነትን ይቀይራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ውሃ የሞላበት ምሽግ ውስጥ ቆመው እግራቸው እየበሰበሰ በሺዎች ከግንባር ወጡ። ደረቅ ካልሲ መቀየርና እግርን ቅባት መቀባት እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ ግን መኮንኖች የወታደሮቻቸውን እግር እንዲመረምሩ ታዘዙ፤ የእግር ሕመም የበዛበት ክፍል አዛዥ ይጠየቅ ጀመር። ጭቃው ያው ጭቃ ነው። መከላከያው ስለታወቀ ግን "ጭቃው ነው" የሚለው መልስ ዋጋ አጣ። የኛን ቀይ አፈር ካወቅነው ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፏል።

ጥርጣሬው የማን ይሁን?

አሜሪካኖች ለወታደር እግር ያወጡት ሕግ ስለ መካከለኛው ወንድማችን የሚያስተምረን ነገር አለው። እዚያ ጠፍጣፋ እግር እንኳ የአካል ጉዳት አበል ይጠየቅበታል። ጠያቂው ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፤ አሁን ሕመሙ እንዳለበት፣ በአገልግሎት ላይ ሳለ የሆነ ነገር እንደደረሰ፣ ሁለቱም እንደሚያያዙ። እስከዚህ ከኛ ብዙም አይለይም። ግን ሁለት መርሆች አክለዋል። አንደኛ፣ ስትቀጠር በተደረገልህ ምርመራ ያልተመዘገበ ጉድለት እንዳልነበረብህ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ማስረጃው ግማሽ ለግማሽ ከሆነ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይተረጎማል።

እኛ ፕሮግራመሮች ይህን ዲፎልት እንለዋለን። መረጃ ሳይሞላ ሲቀር ሲስተሙ ምን ብሎ ይውሰደው? ይሄ የቴክኒክ ጉዳይ ይመስላል እንጂ የሥነ ምግባር ውሳኔ ነው፤ ማንም የማያውቀውን ነገር ሸክም ማን ይሸከም የሚል። መዝገቡን የሚይዘው መንግሥት ነው። ወረቀት ቢጠፋ፣ ምርመራ ሳይደረግ ቢቀር፣ ከገደብ የመጣ የ19 ዓመት ልጅ ሊያስተካክለው አይችልም። ስለዚህ ለመካከለኛው ወንድም ጥርጣሬው ለእሱ ይሁን ብዬ አልፋለሁ።

ታናሹን ግን ይሄም አያድነውም። በሩን ምንም ያህል ብናሰፋው በሩ ያው "ማን ላከህ?" የሚል በር ነው።

ላኪው ሲሞትስ?

በዚህ በር ላይ አንድ ትልቅ ስንጥቅ አለ፤ የራሳችን ታሪክ ያሳየናል። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከ4 መቶ 50 ሺህ በላይ የሚሆን ሠራዊት ተበተነ። ዕዳው የላኪው ብቻ ከሆነ ላኪው መንግሥት ጠፍቷል፤ ሥልጣን የያዙት ደሞ ያ ወታደር ሲዋጋቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። በጠባቡ ሒሳብ ለእግሩ ምንም ዕዳ የለባቸውም። ሆኖም በዚያው ዓመት የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ኮሚሽን ተቋቋመ። በቂ ነበር ወይ የሚለው ሌላ ክርክር ነው። መቋቋሙ ራሱ ግን አንድ ነገር ይናገራል፤ ተሸናፊው ወታደር "የላከህን ጠይቅ" አልተባለም። ላኪው ቢሄድም አገሩ አለ፣ ሰውየውም የአገሩ ሰው ነው ተባለ።

ከሰሜኑ ጦርነት በኋላም፣ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ ሲያቅድ፣ በዝርዝሩ ውስጥ መንግሥትን ሲወጉ የነበሩም አሉ። እነሱን መንግሥት አልላካቸውም። እንግዲህ የወታደሩ መብት እንኳ ሙሉ በሙሉ "ልኬሃለሁና እከፍልሃለሁ" በሚል ላይ አልቆመም ማለት ነው። ከሥሩ ሌላ መሠረት አለው፤ የኛ ሰው ነህ የሚል።

ሻምበል አበበ ቢቂላንም አስታውሱት። የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈው በ1952 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጦ ሽባ ሲሆን እንግሊዝ አገር ድረስ ተወስዶ ታከመ። "ሲገለበጥ በሥራ ላይ ነበር?" ብሎ የተከራከረ ሰው ያለ አይመስለኝም። የወደድነው ሰው ሲጎዳ ምክንያት አንጠይቅም፤ ምክንያት የምንጠይቀው የማናውቀውን ሰው ነው።

እድር የማይጠይቀው

"ምክንያት ሳይጠየቅ የሚከፍል ተቋም ይኖራል እንዴ?" የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ አለ። እድር ሟቹ በምን ሞተ ብሎ አይከፍልም። በጥይት ይሁን፣ በወባ ይሁን፣ በእርጅና ይሁን፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል። እድር የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ አባል ነህ? መዋጮህን ከፍለሃል?

ታዲያ ታናሹ ወንድም መዋጮውን አልከፈለም? ወርቃ፣ ጨልበሳ፣ ባንኮ ጎቲቲ፤ እነዚህ የገደብ ቀበሌዎች ስማቸው ዛሬ በዓለም የቡና መሸጫዎች ከረጢት ላይ ይጻፋል። ቡና ከአገራችን ዋና ዋና የውጭ ምንዛሪ ምንጮች አንዱ ነው። በዚያ ምንዛሪ ነዳጅ ተገዝቷል፣ መድኃኒት ተገዝቷል፣ መሣሪያም ተገዝቷል። ቀይ አፈሩን በባዶ እግሩ እየረገጠ ቡናውን የለቀመው ሰው ለታላቅ ወንድሙ ጦርነት ጭምር አዋጥቷል። መዋጮው በደሞዝ መክፈያ ላይ ስላልተመዘገበ ብቻ አባል አይደለም ልንለው ነው?

መዋጮንም ቢሆን መጨረሻ አላደርገውም። ምንም ያላዋጣ፣ ገና አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ አለ፤ እሱም ነገ የሚረግጠው ያንኑ አፈር ነው። ደግ እድር የአባሉን ልጅ "አንተ ምን አዋጣህ?" አይለውም።

ሁለት መቃወሚያዎች አሉ፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። አንድ ሚሊዮን ተኩል ሰው በወታደር ጡረታ ልክ ይከፈለው ብትል ካዝናው አይችልም። እውነት ነው። እኔም እንደዚያ አልልም። 47 በመቶው የተላከው ሰው ካሳ ነው፤ ይቆይለት፣ ቢቻል ይጨመርለት። ለታናሹ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ጫማ፣ ሳሙና፣ በቅርብ የሚገኝ ውሃ፣ በየጤና ጣቢያው እግር ማጠብ የሚያስተምር ሰውና ሠርቶ መብላት እስኪችል የሚደግፈው እጅ ነው። የዚህ ዋጋ ከጡረታው ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛው ክብር ነው። "የቆሰለውን ጀግና ካበጠበት ገበሬ ጋር አንድ ላይ ልታሰልፈው ነው?" ክብርና እንክብካቤ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክብር ምክንያትን ይጠይቃል፣ መጠየቅም አለበት፤ ሜዳሊያ በዕጣ አይታደልም። እንክብካቤ ግን ክብርን መጠበቅ የለበትም። ሁለቱን ስላደባለቅናቸው ነው ቀላሉን እንክብካቤ እንኳ እንደ ሽልማት የምናየው፣ ያልተሸለመውንም የማይገባው ሰው አድርገን የምንቆጥረው። ያበጠ እግር ያለው ሰው እግሩን በጨርቅ ሸፍኖ ገበያው ዳር የሚቀመጠው ይህ ፍርድ ስለገባው ይመስለኛል። የተቆረጠ እግር የሚነገር ታሪክ አለው፤ ያበጠ እግር ግን ጥፋተኛ ሳይገኝለት ሲቀር ጥፋቱ ወደ ባለቤቱ ይዞራል። ተረግሞ ነው ይባላል፣ ንጽሕና ጎድሎት ነው ይባላል።

በሥራዬ ብዙ ቅጽ ሠርቻለሁ። ቅጽ ሲሠራ የትኛው ጥያቄ የግድ ይሞላ፣ የትኛው ይለፍ ብሎ የሚወስን ሰው አለ። "የጉዳቱ ምክንያት" የሚለው ሳጥን የግድ ከሆነ፣ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው "ላክ" የሚለውን ቁልፍ ቢጫን ቅጹ አይሄድለትም፤ ቀይ መስመር ብቻ ይመጣበታል። ጥያቄውን ሰርዙት አልልም፤ ካሳውን ማን ይክፈል የሚለውን ለመለየት ያስፈልጋል። ቦታውን ግን ቀይሩት። መጀመሪያ "መራመድ ትችላለህ?"፣ ቀጥሎ "ምን ያስፈልግሃል?" ይምጣ። "ከምን መጣ?" ሦስተኛ ይሁን፤ ባዶ ቢቀርም ቅጹ ይለፍ።